ስሙን የማናውቀው ታማሚ፦ የኢኮኖሚ ግምገማ በጤና በጀት ውሳኔ ውስጥ ያለው ቦታ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ። በንግግሩ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ለጆሮ የማይጥም ነው። ለአንድ ሰው ጤና ምን ያህል ገንዘብ ማውጣት ይገባል? ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ በሕይወት ላይ ዋጋ የተለጠፈ ያህል ይሰማዋል፤ ስሜቱም የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ የጤና በጀት የሚያጸድቅ መንግሥት ሁሉ፣ ወደደም ጠላ፣ ለዚህ ጥያቄ በየዓመቱ መልስ ይሰጣል። አንዱ መልሱን አስቦበት፣ ምክንያቱንም ለሕዝብ ገልጾ ይሰጣል። ሌላው ደግሞ ሳይናገር ይሰጣል።

ሳይናገሩ መልስ መስጠት ማለት ምን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሐኪሙ መድኃኒት ያዝዛል፤ ታማሚው ወረቀቱን ይዞ ወደ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ሲቀርብ «አልቋል፣ ከውጭ ይግዙ» ይባላል። ይህ የበጀት ውሳኔ ነው። ረጅም ወረፋ፣ የራቀ ጤና ጣቢያ፣ ያልተጠገነ የምርመራ መሣሪያ፣ ሁሉም የበጀት ውሳኔዎች ናቸው። ማንም አልፈረመባቸውም፤ ስለዚህም ማንም አይጠየቅባቸውም።

ከዚህ ተነሥቼ የምከራከርለት ሐሳብ ይህ ነው። የኢኮኖሚ ግምገማ የሚያነጻጽረው የአንዱን ታማሚ ጤና ከሌላው ታማሚ ጤና ጋር ነው፤ ገንዘቡ ሁለቱን በአንድ ሚዛን ላይ ለማስቀመጥ የሚያገለግል መስፈሪያ ነው። ዋና ጥቅሙም ውሳኔው በሚሰጥበት ክፍል ውስጥ ያልተገኘውን ሰው እንዲታይ ማድረጉ ነው። ከዚያ አልፎ ራሱ ፈራጅ ሊሆን ግን አይችልም፤ ለምን እንደማይችልም አሳያለሁ።

የማይታየው ወገን

የጤና ባለሥልጣን ጠረጴዛ ፊት የሚቀርበው ታማሚ ስም አለው፣ ፊት አለው፣ የሚያለቅስ ቤተሰብ አለው። አንዳንድ ጊዜ ታሪኩ በቴሌቪዥን ይተላለፋል። ለእርሱ በሚወጣው ገንዘብ ሊታከሙ ይችሉ የነበሩት ሰዎች ግን ስም የላቸውም። በየቀበሌው ተበትነዋል፤ ብዙዎቹም መታመማቸውን ገና አላወቁም። ለምሳሌ የደም ግፊት ያለበት ገበሬ፣ ግፊቱ ካልተለካ፣ አንድ ቀን በድንገት እስኪወድቅ ድረስ ጤነኛ ነኝ ብሎ ያርሳል። «ያላዩት አገር አይናፍቅም» እንዲሉ፣ ያላየነው ታማሚም አያሳዝነንም።

የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ይህን «የታለፈ ዕድል ዋጋ» ይሉታል። አንድ ሀብት ለአንድ ነገር ሲውል የቀረብን ከሌሎቹ አማራጮች የላቀው የሀብቱ እውነተኛ ዋጋ ነው። በጤና ዘርፍ ይህ ዋጋ የሚከፈለው በሌሎች ሰዎች ጤና ነው።

ስሌቱ እንዴት ይሠራል?

የተለያዩ በሽታዎችን ለማነጻጸር የጋራ መለኪያ ያስፈልጋል። የኩላሊት ድካምን ከወባ፣ የአእምሮ ሕመምን ከተሰበረ አጥንት ጋር የምናስተያየው በምን ነው? የዘርፉ መልስ «ጤናማ የሕይወት ዓመት» የሚል ነው። በአውሮፓ በብዛት የሚሠራበት ኳሊ የሚባለው መለኪያ የዕድሜን ርዝመትና የኑሮን ጥራት በአንድነት ይቆጥራል። ዳሊ የሚባለው ደግሞ ያለ ዕድሜ በሚመጣ ሞትና ከሕመም ጋር በመኖር የሚታጡትን ጤናማ ዓመታት ይደምራል፤ ይህን መለኪያ በሰፊው ያስተዋወቀው የዓለም ባንክ የ1993 የዓለም ልማት ሪፖርት ነበር።

አሠራሩን በምሳሌ ላሳይ። ቁጥሮቹን ለማስተማሪያ የፈጠርኋቸው ስለ ሆነ የጥናት ውጤት አድርጋችሁ አትያዙብኝ። አንድ የጤና መሥሪያ ቤት ተጨማሪ 10 ሚሊዮን ብር አገኘ እንበል። በመጀመሪያው አማራጭ ገንዘቡ ለኩላሊት እጥበት ይውላል። ለአንድ ታማሚ በዓመት 250,000 ብር ቢያስፈልግ፣ 40 ሰዎች ለአንድ ዓመት ይታጠባሉ። እጥበት ላይ ሆኖ የሚኖር አንድ ዓመት 0.6 ጤናማ ዓመት ነው ብንል፣ የሚገኘው ጥቅም 24 ጤናማ ዓመት ይሆናል። በሁለተኛው አማራጭ ገንዘቡ የደም ግፊትን ለመለካትና ለማከም ይውላል። ለአንድ ሰው በዓመት 2,000 ብር ቢያስፈልግ 5,000 ሰዎች ይታከማሉ። እያንዳንዳቸው በአማካይ የሚያገኙት ጥቅም 0.04 ዓመት ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ድምሩ 200 ጤናማ ዓመት ነው።

በመጀመሪያው አማራጭ አንድ ጤናማ ዓመት 417,000 ብር ያህል ፈጀ፤ በሁለተኛው 50,000 ብር። የመጀመሪያውን ብንመርጥ 176 ጤናማ ዓመታት ይቀሩብናል። ያልታከመ የደም ግፊት ለኩላሊት ድካም ከሚዳርጉ ዋና ዋና መንስኤዎች አንዱ ስለ ሆነ፣ ከሚቀሩብን ሰዎች መካከል የነገዎቹ የኩላሊት ታማሚዎችም ይገኙበታል።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል ማስጠንቀቅ እወዳለሁ። ይህን ንጽጽር በአማርኛ «ወጪ ቆጣቢነት» ብለን መጥራት ለምደናል። ቃሉ ገንዘብ ማትረፍን ስለሚያመለክት አድማጩን ያሳስታል። ከላይ ባየነው ምሳሌ አንዲት ብር አልተቆጠበችም፤ በሁለቱም አማራጮች 10 ሚሊዮኑ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። የተለወጠው በገንዘቡ የተገኘው ጤና ነው። ስለዚህ እኔ «የወጪ ውጤታማነት» የሚለውን እመርጣለሁ። የስያሜው ጉዳይ ቀላል አይምሰላችሁ፤ ሐኪሞቻችን ግምገማውን የገንዘብ ሚኒስቴር መቀስ አድርገው የሚያዩት በከፊል በዚህ ስያሜ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

አማካዩና ተጨማሪው

ሁለተኛው መሠረታዊ ነጥብ ትክክለኛውን ጥያቄ መጠየቅ ነው። የሚጠየቀው «አገልግሎቱ በአማካይ ስንት ያወጣል?» ሳይሆን «አሁን ከምንሠራው በላይ አንድ እርምጃ ብንጨምር ስንት ከፍለን ምን እናገኛለን?» ነው።

በ1975 ኒውሃውዘርና ሌዊኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጽሑፍ ይህን ለማስረዳት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። በወቅቱ የአንጀት ካንሰርን ለማግኘት በሰገራ ውስጥ የተደበቀ ደም ስድስት ጊዜ በተከታታይ እንዲመረመር ይመከር ነበር። ስድስቱም ምርመራዎች በአንድ ላይ ሲታዩ አንድ ካንሰር ለማግኘት በአማካይ 2,451 ዶላር ይጠይቁ ነበር፤ ይህ የሚያስደነግጥ አይደለም። ስድስተኛው ምርመራ ብቻውን ሲታይ ግን አምስቱ ያለፉትን አንድ ተጨማሪ ካንሰር ለማግኘት ከ47 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይጠይቅ ነበር። ስሌቱ የቆመባቸው ግምቶች በኋላ ቢተቹም ትምህርቱ ጸንቶ ይኖራል። አማካይ ቁጥር ብክነትን ይሸፍናል።

ወሰኑ የት ላይ ነው?

አንድ ጤናማ ዓመት 50,000 ብር ያወጣል ስንባል «ታዲያ ይህ ውድ ነው ወይስ ርካሽ?» ብለን መጠየቃችን አይቀርም። በ1999 የተቋቋመውና በእንግሊዝ የሕክምና አገልግሎቶችን የሚገመግመው ናይስ የተባለው ተቋም ለረጅም ዓመታት ለአንድ ኳሊ ከ20,000 እስከ 30,000 ፓውንድ የሚደርስ ወሰን ሲጠቀም ኖሯል። በዮርክ ዩኒቨርሲቲ የተመራ ጥናት ግን የአገሪቱ የጤና አገልግሎት በነባር ሥራው አንድ ኳሊ የሚያስገኘው በ13,000 ፓውንድ ገደማ እንደ ሆነ ገመተ። ግምቱ ትክክል ከሆነ፣ በ30,000 ፓውንድ አንድ ጤናማ ዓመት የሚያስገኝ አዲስ መድኃኒት በተፈቀደ ቁጥር በሌላ ቦታ ከሁለት የሚበልጡ ጤናማ ዓመታት ይጠፋሉ። መድኃኒቱን ያገኙት ሰዎች ይታወቃሉ፤ የጠፉት ዓመታት ባለቤቶች አይታወቁም።

በድሃ አገሮች ችግሩ የባሰ ነበር። በ2001 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት የማክሮ ኢኮኖሚና ጤና ኮሚሽን ሪፖርትን መነሻ በማድረግ፣ አንድ ዳሊ ከአንድ ሰው ዓመታዊ አማካይ የአገር ውስጥ ምርት ባነሰ ወጪ የሚያስቀር ሕክምና «እጅግ ውጤታማ»፣ እስከ ሦስት እጥፍ ያለው ደግሞ «ውጤታማ» መባል የተለመደ ሆነ። ይህን ከእኛ ሁኔታ ጋር አስተያዩት። በኢትዮጵያ ብሔራዊ የጤና ወጪ ጥናት መሠረት፣ በ2016/17 የመንግሥት፣ የለጋሾችና የቤተሰብ ወጪ ተደምሮ ለአንድ ሰው በዓመት የዋለው 33 ዶላር ገደማ ነበር። በዚህ አቅም ላይ በብዙ መቶ ዶላር የሚቆጠር ወሰን ብታስቀምጡ፣ ከአገሪቱ አቅም በላይ የሆነ ሕክምና ሁሉ «ውጤታማ» የሚል ማኅተም ይዞ ያልፋል። ሁሉን የሚያሳልፍ ወንፊት ደግሞ ወንፊት አይባልም። ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር የሚሠሩ ባለሙያዎችም በኋላ ይህ ወሰን ብቻውን ለውሳኔ እንዳይውል አሳስበዋል።

ከዚህ የተለየ ሌላም ጥያቄ አለ፤ እርሱም የጠቅላላ ወጪ አቅም ነው። በ2013 በአሜሪካ ገበያ የወጣው ሶፎስቡቪር የተባለው የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒት የ12 ሳምንት ሕክምናው 84,000 ዶላር ይሸጥ ነበር። መድኃኒቱ በሽታውን ስለሚፈውስ ብዙ ጥናቶች በዚያ አገር መለኪያ ውጤታማ ነው አሉት። ነገር ግን ታማሚዎቹ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ስለ ነበሩ ለሁሉም በአንድ ጊዜ መክፈል በጀትን የሚያናጋ ሆነ። እያንዳንዱ ሕክምና ዋጋው የሚገባው ሆኖ ሳለ ድምሩ ከአቅም በላይ ሊሆን ይችላል።

ስሌት ብቻውን ሲፈርድ

እስካሁን ለግምገማው ጠበቃ ሆኜ ቆይቻለሁ። አሁን ድክመቱን ላንሣ።

በአሜሪካ የኦሪገን ክፍለ ግዛት ለድሆች የሚሰጠውን የሕክምና ሽፋን ለብዙ ሰዎች ለማዳረስ በማሰብ፣ አገልግሎቶችን ከወጪያቸውና ከሚሰጡት ጥቅም አንጻር በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ ሞከረ። በ1990 የወጣው የመጀመሪያ ዝርዝር ሕዝቡን አስገረመ። የጥርስ መሸፈኛ መሥራት ከትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና በላይ ተቀምጦ ተገኘ። የቁጥሩ አመክንዮ ግልጽ ነበር፤ የጥርሱ ሕክምና ርካሽ ስለ ሆነ በአንድ ቀዶ ሕክምና ወጪ ብዙ ጥርሶች ይሸፈናሉ። ይሁንና ማንም ጤነኛ አእምሮ ያለው ሰው በትርፍ አንጀት ሊሞት የተቃረበን ወጣት በብዙ ጥርሶች አይለውጥም። ዝርዝሩ ተጥሎ በሌላ ዘዴ እንደገና ተሠራ። የተሻሻለውን ዕቅድም የፌዴራሉ መንግሥት በ1992 አካል ጉዳተኞችን ሊበድል ይችላል በማለት መለሰው፤ ተግባራዊ የሆነው ተከልሶ በ1994 ነበር።

ከኦሪገን የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጥቃቅን ጥቅሞች ተደምረው የአንድን ሰው ሞት ሊጋርዱ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ የሕይወትን ጥራት በቁጥር ስንለካ፣ አስቀድሞ ከአካል ጉዳት ወይም ከሥር የሰደደ ሕመም ጋር የሚኖር ሰው ዕድሜው ቢራዘምለት የሚመዘገብለት ጥቅም ከሌላው ያንሳል። እንዲህ ከሆነ መለኪያው አስቀድሞ የተጎዳውን ዳግመኛ ይጎዳዋል። ይህን ጉድለት የሂሳብ ቀመር ብቻውን አያርመውም፤ የፍትሕ ጥያቄ ነውና።

ሁለተኛው ሚዛን

ሌላው ስሌቱ የማያየው ነገር ሕመም የሚያመጣው ድህነት ነው። ለሕክምና በሬውን የሸጠ ገበሬ ከሕመሙ ቢድንም በቀጣዩ ክረምት ምን ይዞ ያርሳል? ጤናማ ዓመትን ብቻ የሚቆጥር መዝገብ ይህን አይጽፍም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተስፋፋ የወጪ ውጤታማነት ትንተና የሚባል ዘዴ ተቀርጿል። ከቀደምት አተገባበሮቹ አንዱ በኢትዮጵያ ላይ የተሠራው የ2015 ጥናት ነው። ጥናቱ መንግሥት ዘጠኝ አገልግሎቶችን በነጻ ቢሰጥ ምን እንደሚገኝ ገመተ። በየ100,000 ዶላሩ ብዙ ሞት በማስቀረት የኩፍኝ ክትባት በ367 ሞት አንደኛ ሆነ፤ የሳንባ ምች መከላከያ ክትባት በ170፣ በቀዶ ሕክምና ማዋለድ በ141 ተከተሉት። ጥያቄው «በየ100,000 ዶላሩ ስንት ሰው ከድህነት ይተርፋል?» በሚል ሲለወጥ ግን ቅደም ተከተሉ ተለወጠ። በቀዶ ሕክምና ማዋለድ በ98፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በ96፣ የደም ግፊት ሕክምና በ84 ወደ ፊት ወጡ። ገንዘቡ ያው ነው፤ ሚዛኑ ሲለወጥ መልሱ ይለወጣል። የትኛው ሚዛን ይበልጣል የሚለውን ደግሞ ተመራማሪ ብቻውን ሊወስነው አይገባም።

ታይላንድ ይህን ምርጫ በአደባባይ ተጋፍጣለች። በ2002 ለመላው ሕዝቧ የጤና ሽፋን ስትዘረጋ የኩላሊት እጥበትን ከወጪው የተነሣ አስቀርታው ነበር። የአገሪቱ ተመራማሪዎች ባደረጉት ግምገማም እጥበት በተቀመጠው ወሰን የወጪ ውጤታማ አልነበረም። ሆኖም የመንግሥት ሠራተኞች በራሳቸው የመድን ሥርዓት ሲታጠቡ፣ ድሃው ንብረቱን እየሸጠ ወይም እየሞተ ነበር። መንግሥት በ2008 አገልግሎቱን በሽፋኑ አካተተው። ይህን ሲያደርግም ግምገማውን አልጣለውም፤ ታማሚው በቤቱ ሊያደርገው የሚችለውን በሆድ ዕቃ በኩል የሚደረግ እጥበት ቀዳሚ አማራጭ እንዲሆን ወሰነ። ውሳኔው ከስሌቱ ቢለይም የሚያስከፍለውን አውቆ የተወሰነ ነበር።

የእኛ ዝርዝር

ኢትዮጵያም ከዚህ ውይይት ውጪ አይደለችም። ጤና ሚኒስቴር በ2005 ያወጣውን መሠረታዊ የጤና አገልግሎት ጥቅል በ2019 ከልሷል። ሥራው የተጀመረው 1,749 አገልግሎቶችን በመዘርዘር ሲሆን፣ ከብዙ ምክክር በኋላ 1,018 በጥቅሉ ውስጥ ቀሩ። መመዘኛዎቹ ሰባት ነበሩ፦ የበሽታው ጫና፣ የወጪ ውጤታማነት፣ ፍትሐዊነት፣ ከድህነት መከላከል፣ የበጀት ጫና፣ የሕዝብ ተቀባይነትና የፖለቲካ ተቀባይነት። በመጨረሻም 594ቱ ከፍተኛ፣ 213ቱ መካከለኛ፣ 211ዱ ዝቅተኛ ቅድሚያ ተሰጣቸው። ከጠቅላላው 56 በመቶው በነጻ፣ 38 በመቶው በወጪ መጋራት፣ 6 በመቶው ሙሉ ወጪ በማስከፈል እንዲሰጡ ተወሰነ።

ይህን ሥራ ከፍ አድርጌ እመለከተዋለሁ፤ ምክንያቱም በኦሪገን የጎደለውን፣ ማለትም ከስሌቱ ጎን ሊቆሙ የሚገባቸውን መመዘኛዎች፣ ከመነሻው አካትቷል። ሆኖም አንድ ሥጋት አለኝ። በመዝገብ ላይ ከፍተኛ ቅድሚያ የተሰጠው አገልግሎት በጀት ካልተከተለው ከተስፋ አያልፍም። 594 አገልግሎቶችን ባለው ውስን የነፍስ ወከፍ ወጪ ለሁሉም ማዳረስ ካልተቻለ፣ ምርጫው ተመልሶ ወደዚያው የመድኃኒት ቤት መስኮት ይወርዳል። በሚኒስቴሩ በግልጽ የተሠራውን ሥራ «አልቋል» የሚለው ቃል በዝምታ ይሽረዋል። ስለዚህ ቀጣዩ ሥራ ዝርዝሩን ከዓመታዊ በጀት፣ ከመድኃኒት ግዢና ከማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የጥቅም ማዕቀፍ ጋር ማሰር ነው።

ከእናንተ የሚጠበቀው

ለተማሪዎችና ለወጣት ተመራማሪዎች ሦስት ጥያቄዎችን ትቼ ንግግሬን እቋጫለሁ። የትኛውንም የኢኮኖሚ ግምገማ ስታነቡ እነዚህን ጠይቁ።

አንደኛ፣ ንጽጽሩ ከምን ጋር ነው? አዲሱ ሕክምና ዛሬ በጤና ጣቢያዎቻችን በእርግጥ ከሚሠራው ጋር ካልተነጻጸረ ውጤቱ ለእኛ አይነግረንም።

ሁለተኛ፣ ወጪው የማን ነው? በሌላ አገር ሆስፒታል የተሰበሰበ ዋጋ ወደ ብር ቢመነዘርም የእኛ ዋጋ አይሆንም። ለታማሚው የመጓጓዣ፣ የአስታማሚ፣ ከሥራ የመቅረት ኪሣራ በስሌቱ ገብቷል ወይ? እንዲህ ያለ መረጃ ከሆስፒታሎቻችንና ከቤተሰቦች በጥንቃቄ መሰብሰብ አድካሚ ነው፤ ዝናም አያመጣም። ቢሆንም ከተወሳሰበ ሞዴል ይልቅ አገራችን የጎደላት ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ውሳኔው ሲተገበር የሚቀርበት ማን ነው? በጥናታችሁ መደምደሚያ ላይ ይህን ሰው በአንድ አንቀጽ ጻፉት። ሴት ይሁን ወንድ፣ የገጠር ይሁን የከተማ፣ ምን ሕመም እንዳለበት፣ ስንት እንደሆኑ ግለጹ። የበጀት ኮሚቴ ለሚታየው ታማሚ «እሺ» በሚልበት ቀን፣ የሌላውን ወገን ጉዳይ የሚያቀርብ ከእናንተ ጽሑፍ ሌላ ጠበቃ ላይኖር ይችላል።

 ቀሪውን ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁና ለተቃውሞዎቻችሁ እተዋለሁ።